ስላላመመህ ነው

(ግሪንላንድ፣ ከአንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ጤና ኬላ)

ናቫራና መጣች የፋብሪካ ልብሷን ሳታወልቅ፣
ጣቷን ቢላ በልቶት፣ ፋሻ ልትጠይቅ።
አጠብኩላት ቁስሉን፣ ሰፋሁላት በሁለት፣
ከዚያም እንደ ልማዴ ትንሽ ብልቃጥ ሰጠኋት።
«ዕድሜሽ ሃያ ሁለት፣ ወዳጅ አላጣሽም፣
ትንሽ ሽንት ስጪኝ፣ አያሳፍርሽም።»
«አያቃጥለኝም፤ ፈሳሽ የለ፣ ደም የለ፣
ምን ፍለጋ ነው ታዲያ? ከእኔ ዘንድ ምን አለ?»
«ጠባዩ እሱ ነው» አልኳት፤ «ክላሚዲያ ዝምተኛ፣
ሳያንኳኳ ገብቶ እንደ ባለቤት የሚተኛ።
ቀስ ብሎ፣ ቆይቶ፣ የዘር ቱቦ ይዘጋል፣
ልጅ ያማረሽ ለታ ያኔ ምን ይበጃል?»

ብልቃጡ ላይ ቁጥር ጻፍኩ፤ ስም አንጽፍም እኛ፣
ሰባ ሰው ባለበት ስም ራሱ ወሬኛ።
ጉሙ ወርዶ ተኛ። ሄሊኮፕተር ቀረ።
የናቫራና ሽንት ከክትባቱ ጋር ፍሪጅ ውስጥ አደረ።
በአምስተኛው ቀን ነው ሰማይ የተገለጠ፣
ሣጥኗን አንጠልጥሎ አብራሪው የፈረጠጠ።

ውጤቱ አንዲት መስመር፦ ክላሚዲያ አለ፣ ጨብጥ የለም።
ሕመም ነው እንጂ፣ ፍርድ አይደለም።

ሳቀች መጀመሪያ። ቀጥላ ተቆጣች።
ከዚያ ዝም ብላ በመስኮቱ ባሕር አየች።
እርጉዝ አለመሆኗን ካየሁ በኋላ ነው ኪኒኑን የቆጠርኩት፦
«ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣
ሰባት ቀን ሙሉ፤ እንዳትተዪው ከመንገድ።
በብዙ ውኃ ዋጪው፣ ወዲያው አትጋደሚ፣
ፀሐይ ብትወጣ እንኳ ከጥላ ሥር ክረሚ።
ወተት አታስከትዪው። አልጋሽም የብቻሽ ነው፣
ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ እንመርምረው።»

ከዚያ ወረቀት ሰጠኋት። ከባዱ ይሄ ነው።
«ያለፈውን ስድስት ወር አስቢ። አብረውሽ የተኙትን ጻፊልኝ።
ያንቺን ስም ለማንም አልናገር፤ እነሱም ይታከሙ ብዬ ነው።»
ፓቪያ ብላ ጻፈች። ኢቦ ብላ ጻፈች።
እስክሪብቶው ቆመ።
እኔን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ የተሰፋ ጣቷን አየች፣
ሦስተኛውን ጻፈች፣ ፊደል በፊደል፦
ኡያርኔቅ።

ልጄ ነው።

እኔ ያጠብኩት እግር፣ እኔ ያሰርኩት ጫማ፣
ሳሉን የማውቅለት በድቅድቅ ጨለማ።
ሌላ ነርስ የለም እስከ ሚቀጥለው ወደብ ድረስ።
እናትነቴን አወለቅኩት፣ ከካፖርቴ ጎን ሰቀልኩት፣
«አመሰግናለሁ» አልኳት። ድምፄ ትንሽ ሻከረ።
ናቫራናም እንዳልሰማች ሆና ወጣች፤
ባለውለታዬ ናት።

ሦስቱም ሃሊቡት ፍለጋ ባሕር ላይ ናቸው፣
ስልክ የማይደርስበት። ያለን ሬዲዮ ነው፤
ሬዲዮውን ደግሞ አምስት ጀልባ ይሰማል፣
ባለሱቁ ይሰማል፣ ቄሱም ሳይፈልግ ይሰማል።
ስለዚህ የጤና ኬላው የቆየ ብልሃት አለው፦
«ለጥርስህ ቀጠሮ አለህ» እንላለን። ሌላ አንልም።

ፓቪያ «እሺ» አለ። ኢቦ «እሺ» አለ።
ሦስተኛው ላይ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።
«ኡያርኔቅ፣ ጤና ኬላ ነው። ለጥርስህ ቀጠሮ አለህ።»
ጩኸት፣ ንፋስ፣ የሞተር ድምፅ።
«ጥርሴን አላመመኝም እኮ፣ እማዬ።»
«እማዬ አይደለሁም፤ ጤና ኬላ ነው።
ስላላመመህ ነው።»

ባሕሩ ዝም አለ። ከአንዱ ጀልባ አንድ ሰው
የጀመረውን ሳቅ መልሶ ዋጠው።

በነጋታው በሬ ላይ አምስት ወንዶች ቆመዋል፤
ሁለቱን አልጠራኋቸውም።
«ጥርሴን» አለ አንዱ፣ ጫማውን እያየ፣
«እኔም ጥርሴን» አለ ሌላው፣ ካንዱ ያልተለየ።
ለሁሉም ብልቃጥ ሰጠሁ፤ ለኡያርኔቅም ሰጠሁ፣
ለሁሉም ያልኩትን አልኩት። ለጠራኋቸው ሦስት ውጤት ሳልጠብቅ
ሰባት ሰባት ቀን ቆጠርኩላቸው።

ማታ የዓሣ ሾርባ ይዘን ፊት ለፊት ተቀመጥን።
ማን ነበረች አላልኩትም፣ ማን ነገረሽ አላለኝም።
ጠረጴዛው ላይ ወተት ነበር። እጄን ዘረጋሁና
ማሰሮውን ከፊቱ ራቅ አደረግኩት፣
የውኃውን ብርጭቆ ጠጋ።